ትንፋሽና ስክሪን፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በፊዚዮቴራፒ ክፍላችን አንገቱን ወይም ትከሻውን አሞት የሚመጣ ሰው ከሕመሙ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ስለ ትንፋሹ ነው። «ስልክ ሳይ ደረቴን ይጫነኛል» ይላል አንዱ። «ኮምፒውተር ላይ ውዬ ስነሳ ሳልሮጥ የሮጥኩ ያህል ይደክመኛል» ትላለች ሌላዋ። ከድሬም ከሐረርም የሚመጡት ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ። ምርመራን አይተኩም፤ መቼ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚገባ መጨረሻው ላይ ተጽፏል።

ስልክ ወይም ኮምፒውተር ስንጠቀም ትንፋሻችንን እንይዛለን የሚባለው እውነት ነው?

ብዙዎቻችን እንይዛለን፤ ሳይታወቀን። ነገሩን ስም ሰጥታ ለሕዝብ ያቀረበችው ሊንዳ ስቶን የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ በአፕልና በማይክሮሶፍት ኩባንያዎች በኃላፊነት ሠርታለች። ጠዋት የአተነፋፈስ ልምምዷን ጨርሳ ኢሜይሏን ለማንበብ ስትቀመጥ ትንፋሿ ቀጥ ሲል ራሷን ታዘበች። ከዚያ ሌሎች ሰዎችን መመልከት ጀመረችና በ2008 እ.ኤ.አ. «የኢሜይል አፕኒያ» ብላ ጻፈችው፤ አፕኒያ ማለት የትንፋሽ መቋረጥ ነው፤ ኋላ ላይ ስልኩም ታብሌቱም ሲጨመር «የስክሪን አፕኒያ» ተባለ። ካየቻቸው ሰዎች 80 በመቶ ያህሉ ትንፋሻቸውን እንደሚይዙ ወይም ላይ ላዩን እንደሚተነፍሱ ተናግራለች።

ይህን ቁጥር ግን በልኩ እንያዘው። በቤተ ሙከራ ተመዝኖ የተገኘ ሳይሆን የአንዲት አስተዋይ ሴት ምልከታ ነው። ሐኪም «የስክሪን አፕኒያ አለብህ» ብሎ ካርድ ላይ አይጽፍም፤ የበሽታ ስም አይደለምና። ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ይታረማል።

ሌላም አለ። «መያዝ» ሲባል ዋናተኛ ውኃ ውስጥ እንደሚያደርገው ሙሉ በሙሉ ማቆም ብቻ የሚመስላቸው አሉ። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ከዚያ ያነሰ ነው፦ ለጥቂት ሰከንድ ገታ ያደርጋል፣ ከዚያ ከደረቱ ላይኛው ክፍል ብቻ አጠር አጠር እያደረገ ይስባል፣ ሆዱ ጭራሽ አይንቀሳቀስም።

ጥፋቱ የስልኩ ነው ወይስ የእኔ?

የማንም ጥፋት አይደለም፤ ሰውነታችን ድሮም እንዲህ ነው። ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ጎራ ብለው አንዱ ሰፊ ክር በመርፌ ቀዳዳ ሲያስገባ ልብ ብለው ይመልከቱት። የክሩን ጫፍ በከንፈሩ ያረጥባል፣ በሁለት ጣቱ ያሾላል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ትንፋሹን ዋጥ ያደርጋል። ክሩ አልፎ በወዲያኛው በኩል ሲይዘው ነው ደረቱ ተመልሶ የሚላወሰው። ስንተነፍስ ደረት ይንቀሳቀሳል፣ ከደረት ጋር ትከሻና እጅ ይነቃነቃሉ፤ ስለዚህ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር ሲገጥመን ሰውነት በራሱ ጊዜ ትንፋሹን ይገታል። ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማም እንዲሁ ነው፤ ጆሮ እስኪያጣራ ትንፋሽ ይቆማል።

ልዩነቱ ሰፊው ክሩን አስገብቶ ሲጨርስ እፎይ ማለቱ ነው። ስልክ ላይ ያለ ሰው ግን አንዱን መርፌ ሳይጨርስ ሌላ መርፌ ይቀርብለታል። የባንክ መልእክት ይመጣል፣ ቴሌግራም ይጮኻል፣ ቀጣዩ ቪዲዮ ሳይጠየቅ ይጀምራል። እፎይ የሚባልበት ክፍተት ጠፋ።

ስሜትም ይጨመርበታል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በኢንተርኔት የሚለቀቅበትን ቀን ያስታውሱ። ልጁ ቁጥሩን አስገብቶ ገጹ እስኪከፈት ድረስ የቤተሰቡ ሁሉ ትንፋሽ ተይዟል፤ እናትም፣ አክስትም፣ ከበሩ ላይ የቆመው ጎረቤትም። በየቀኑ በትንሹ የምናደርገው ይኸንኑ ነው።

እኔም እንደምይዝ በምን አውቃለሁ?

ራስን መቁጠር አስቸጋሪ ነው፤ ትንፋሽን ልብ ማለት በጀመርንበት ቅጽበት አተነፋፈሳችን ይለወጣል። ስለዚህ ሌላ ሰው ይቁጠርልዎ። ሥራዎ ላይ አቀርቅረው እያሉ፣ ሳይነግርዎ፣ የደረትዎን ወይም የሆድዎን ከፍ ዝቅ ማለት ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠር። ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። የሚፈለገው ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ትንፋሽ ከሌላው ጋር ይመጣጠናል ወይስ ቆም፣ ጥድፍ፣ ቆም ይላል የሚለውም ነው።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ በአንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ስጠብቅ የምትጽፈውን ልጅ ሳያት ነበር። ባለጉዳዩ በእጁ የጻፈውን ማመልከቻ ግራ እጇ ላይ ዘርግታለች፤ ዓይኗ ከወረቀቱ ወደ ስክሪኑ ይመላለሳል። አንዱን መሥመር እስክትጨርስ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፣ የታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች፣ አትተነፍስም። መሥመሩ ሲያልቅ አንዴ በረጅሙ ትስብና እንደገና። ባለጉዳዩ ስሙ በስህተት እንደተጻፈ ሲነግራት ደግሞ ያ ረጅሙም ቀረ። ከሥራ በኋላ ራስ ምታት እንዳለባት ጠየቅኳት፤ «በምን አወቅህ?» አለችኝ።

ለብቻዎ ከሆኑ ምልክቶቹን ይፈልጉ፦ ጥርስ ተነካክሶ መገኘት፣ ትከሻ መሰቀል፣ የእግር ጣቶች ጫማ ውስጥ መጨማደድ፣ ከስልኩ ቀና ሲሉ «ኡፍ» ማለት። መቃተት በራሱ ክፉ አይደለም። ጤነኛ ሰው በየ5 ደቂቃው አንዴ ያህል ሳያውቀው በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ይህ በሳንባ ውስጥ የተጣበቁ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶችን መልሶ ይከፍታል። በየደቂቃው ሲሆን ግን ከዚያ በፊት የነበረው ትንፋሽ አንሶ እንደነበር ይናገራል።

አቀማመጤ ከትንፋሼ ጋር ምን አገናኘው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራዬም ስለሆነ።

ደረትንና ሆድን የሚለየው ጉልላት መሰል ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻችን ነው። አየር ስንስብ ወደ ታች ይወርድና ሆድን ወደ ፊት ይገፋል። ተቆልምመን ስንቀመጥ ሆድ ዕቃ ወደ ላይ ተገፍቶ ቦታ ስለሚያሳጣው ድያፍራሙ እንደ ልብ አይወርድም። ተቆልምሞ የተቀመጠ ሰው ሳንባው የሚይዘው አየር ቀጥ ብሎ ከተቀመጠው እንደሚያንስ በልኬት ተረጋግጧል። ሲቆሙ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።

ድያፍራም ሲታፈን ሥራው ለአንገትና ለላይኛው ደረት ጡንቻዎች ይተላለፋል። እነዚህ ጡንቻዎች የተፈጠሩት ስንሮጥ ወይም ዳገት ስንወጣ እንዲያግዙ እንጂ ቀኑን ሙሉ እንዲሠሩ አይደለም። በደቂቃ 14 ጊዜ ብንተነፍስ በቀን ከ20,000 በላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ ጊዜ የጎድን አጥንትን በአንገት ጡንቻ ማንሳት ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። በላዩ ላይ የጭንቅላት ክብደት አለ፤ የአዋቂ ጭንቅላት 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የአንድ አሜሪካዊ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ስሌት እንደሚለው አንገት 60 ዲግሪ ሲጎነበስ የሚያርፍበት ጫና 27 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ስሌት ነው፣ ሰው ላይ የተለካ አይደለም፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል። «ማጅራቴን ብርድ መታኝ» ብለው የሚመጡ ወጣቶችን ስልካቸውን አውጥተው እንደ ሁልጊዜው እንዲያዩት ስጠይቃቸው ብርዱ ከየት እንደገባ ወዲያው ይታያል።

ወንበር ላይ ብቻ አይደለም። ሐረር ውስጥ ነደባ በሚባለው የቤት መደብ ላይ ጋደም ብሎ በአንድ ክንድ ተደግፎ ስልክ ማየት የተለመደ ነው። የታችኛው ጎን የጎድን አጥንቶች ይታፈናሉ፣ አንገት ወደ አንድ ጎን ይታጠፋል። ለግማሽ ሰዓት ምንም አይደለም፤ ከምሳ እስከ ምሽት ሲሆን ነው ነገሩ የሚበላሸው። ጎን እየቀየሩ መተኛት፣ ከጀርባ ትራስ መደርደርና ስልኩን ጉልበት ላይ ባለ ሌላ ትራስ ከፍ ማድረግ ይረዳል።

ታዲያ ጉዳቱ ምንድን ነው? አንጎሌ ኦክሲጅን ያጣል?

አያጣም። ጤነኛ ሰው ለጥቂት ሰከንድ ትንፋሹን ቢይዝ የደሙ ኦክሲጅን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያሳይም። «ስልክ አንጎልን ያፍናል» እያሉ የሚያስፈራሩ ቪዲዮዎች ሐሰት ናቸው፤ ደግሞ የሚታዩት በስልክ ነው።

የሚሆነው ሌላ ነው። እንድንተነፍስ የሚያስገድደን በዋናነት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር ነው። ትንፋሹን ይዞ የቆየ ሰው ኋላ ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ከመጠን በላይ ሲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚገባው በታች ይወርድና የአንጎል ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ራስ ያዞራል፣ የጣት ጫፎችና ከንፈር ይቆጠቁጣሉ፣ ደረት ይጠብባል። ሰውየው ይህን ሲሰማው «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ይደነግጣል። ድንጋጤው ይብሱን ቁና ቁና ያስተነፍሰዋል። አየር እያለ አየር ያነሰው ይመስለዋል፤ በተጨነቁ ወጣቶች ላይ ይህ አዘውትሮ ይታያል። በፌስታል ውስጥ መተንፈስ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ችግሩ የአስም ወይም የልብ ከሆነ ይጎዳል።

ከዚህ ውጭ ያሉት ጉዳቶች ዝምተኞች ናቸው፦ የትከሻና የአንገት ሕመም፣ ወደ ግንባር የሚወጣ ራስ ምታት፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ድካም፣ መነጫነጭ። የስክሪን አተነፋፈስ ስኳር፣ ካንሰር፣ ውፍረት ያመጣል የሚሉትን አልቀበላቸውም። ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ መዋል ለልብና ለስኳር በሽታ እንደሚያጋልጥ የታወቀ ነው፤ እሱ ግን የመቀመጥ ዕዳ ነው፣ ቴሌቪዥን ፊትም ቢሆን ያው ነው።

ድሬዳዋ ስሆን ይብስብኛል፣ ሐረር ስወጣ ይሻለኛል። ለምን?

ከፍታው አይደለም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸው፤ በከፍታ ቢሆን ኖሮ ኦክሲጅን የሚበዛው ድሬ ላይ ነው። በደንገጎ ዳገት ሲወጡ የሚያገኙት እፎይታ የቅዝቃዜው ነው።

ሙቀት የልብ ምትን ይጨምራል፣ በላብ ውኃ ያስወጣል፣ ያደክማል። በሙቀቱ ሰዓት ሱቁ ሲዘጋ ብዙ ሰው ሽርጡን አገልድሞ ቬንቲሌተር ሥር ተጋድሞ ስልኩን ይከፍታል። ቬንቲሌተሩ በቀጥታ ፊት ላይ ሲነፋ አቧራውን ያነሳል፣ አፍንጫንና ዓይንን ያደርቃል። አፍንጫ ሲዘጋ ሰው በአፉ ይተነፍሳል፤ አፍ ደግሞ አቧራ አያጣራም፣ አየሩንም አያረጥብም። ዓይንም ይጎዳል፤ ስክሪን ስናይ የምናርገበግበው ከወትሮው በእጅጉ ባነሰ ቁጥር ነው። ቬንቲሌተሩን ወደ ግድግዳ ወይም ወደ እግር አዙሩት፣ ክንፎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ውኃ ጠጡ። የአቧራ ቀን ከሆነ አፍንጫን በንጹሕ የጨው ውኃ ማጠብም ጥሩ ነው፤ ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን።

ማታ በር ዘግተን ቡና አፍልተን ስልክ ስናይ ራሴን ያመኛል። ስልኩ ነው?

መጀመሪያ ከሰሉን ይጠርጥሩ። በዚህ ጥያቄ ላይ ቀልድ የለኝም።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። በደም ውስጥ ኦክሲጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይነጥቃል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድብታ ነው፤ ሰዎች ድብታውን ከድካም፣ ራስ ምታቱን ከስልክ ይቆጥሩታል። ዕጣኑ ሲጨመር ሽታው ደስ ይላል፤ አየሩ ግን አልተሻሻለም። ሐረር ውስጥ ብርድ ባለበት ሌሊት ምድጃ አስገብቶ በርና መስኮት ገጥሞ መተኛት ሰው ይገድላል። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ይግባ፣ ቡናው ሲያልቅ ይውጣ፣ መስኮት ይከፈት። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለትና ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ወዲያው ወደ ውጭ ወጥተው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

በርጫ ላይ ስልክ ማየት የተለየ ችግር አለው?

አለው፤ ሁለቱ አንድ አቅጣጫ የሚገፉ ናቸው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ምርቃና ላይ ትኩረት ይጠብባል፤ በዚያ ሰዓት ስልክ የያዘ ሰው ቀና ሳይል፣ ጎኑን ሳይቀይር፣ ውኃ ሳይጠጣ ለረጅም ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ክፍሉ ውስጥ ሲጋራ የሚጨስ ከሆነ ደግሞ የማያጨሰውም ሰው ያጨሳል።

ማታ ደግሞ ዕዳው ይመጣል። ጫቱም፣ ስክሪኑም እንቅልፍ ያሸሻሉ። እንቅልፍ እንደ ምንም ሲመጣ ዱካክ የሚሉት አለ፤ የሆነ ነገር ደረት ላይ ተቀምጦ ትንፋሽ የሚከለክል ይመስላል። ያ ስሜት አብዛኛውን ጊዜ አእምሮ ነቅቶ ሰውነት ገና ሳይነቃ ሲቀር የሚፈጠር ነው፤ ያስፈራል እንጂ ትንፋሽ አያቆምም። እንቅልፍ ባነሰ ቁጥር ይደጋገማል።

ጫት ተው ብዬ በአንድ አንቀጽ ሰው እንደማላስተው አውቃለሁ። ግን የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ከሆኑ ይህን ለሐኪምዎ ሳይደብቁ ይንገሩ። ሌላው ሰው ቢያንስ ስልኩን ከምርቃናው ይለይ፤ በርጫ የተፈጠረው ለጨዋታ ነው፣ ተጨዋቹ ደግሞ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሏል።

ስልክ ትራስ ሥር አድርጎ መተኛት ትንፋሽ ያሳጥራል?

አያሳጥርም። ስልክ ኦክሲጅን አይጠቀምም፤ የሚያወጣው የሬዲዮ ሞገድም አየር አያሳጣም። ቻርጅ እየተደረገ ትራስ ሥር መተው ግን ስለሚግል የእሳት አደጋ አለው፤ ለዚያ ሲባል ያርቁት።

በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቋረጥ ከዚህ ጋር አንድ ነው?

ፈጽሞ አይደለም። እሱ በሽታ ነው። ተኝተው ሳለ የጉሮሮ ጡንቻዎች ላልተው የአየር መንገዱን ይዘጉታል፤ ሰውየው በኃይል ያንኮራፋል፣ ድንገት ዝም ይላል፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ተንደርድሮ ይነቃል። ቀን ሲያንቀላፋ ይውላል። ውፍረት፣ ወፍራም አንገት፣ አልኮል ያባብሱታል። ይህን አብዛኛውን ጊዜ የምታውቀው ሚስት ናት ወይም ባል፤ እንዲህ ከተባሉ አይከራከሩ፣ ይመርመሩ። የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ፣ ሹፌሮችን መሪ ላይ የሚያስተኛ ነገር ነው።

ስክሪን በእንቅልፍ ላይ ያለው ተጽዕኖ ሌላ መንገድ ነው፦ ብርሃኑ የእንቅልፍ ሆርሞን የሆነውን ሜላቶኒን ያዘገየዋል፣ የሚታየው ነገር ደግሞ ልብን ያነሳሳል። ከመኝታ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ማቆም በቂ ነው።

ልጆችስ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ተቀምጠው የሚያዩት ስክሪን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ካነሰም ይሻላል ይላል። የልጅ አተነፋፈስ ከአዋቂ ስለሚፈጥን በአዋቂ ቁጥር አይለኩት። አፉን ከፍቶ የሚውል፣ የሚያንኮራፋ ልጅ ካለዎት ስልኩን ከመንጠቅዎ በፊት አፍንጫውንና ቶንሲሉን ያሳዩ።

የእጅ ሰዓቴ ኦክሲጅኔን ይለካል። ልመነው?

እንደ ጥቆማ ይዩት፣ እንደ ውሳኔ አይውሰዱት። በሆስፒታል ያለው ጣት ላይ የሚደረግ መለኪያ እንኳ ገደብ አለው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት መሣሪያው ጥቁር ታካሚዎች ላይ የኦክሲጅን ማነስን ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚደርስ አሳይቷል። ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። እነዚህ መለኪያዎች ከላይ የተነሳውን የከሰል ጋዝም ከኦክሲጅን ለይተው አያውቁትም፤ ሰው እየተመረዘ 98 በመቶ ሊያሳዩ ይችላሉ። በስልክ ካሜራ ኦክሲጅን እለካለሁ የሚሉ መተግበሪያዎችን ደግሞ ጭራሽ ይተዉአቸው።

ምን ላድርግ?

በማስወጣት ይጀምሩ። «በረጅሙ ተንፍስ» የተባለ ሰው ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ይስባል፤ የተጨናነቀ ሰው ሳንባ ግን ያላስወጣው አየር ይዟል። መጀመሪያ በቀስታ ያስወጡ፣ ሆድ ወደ ውስጥ እስኪገባ። የሚቀጥለው ትንፋሽ ሳይለምኑት ራሱ ይገባል።

ልምምድ ለሚፈልግ፦ በአፍንጫ ይሳቡ፣ ሳያስወጡ በላዩ ላይ ትንሽ ይጨምሩ፣ ከዚያ በአፍ በጣም በቀስታ ያስወጡ። በ2023 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ይህን በቀን 5 ደቂቃ ለአንድ ወር ያደረጉ ሰዎች ስሜታቸው እንደተሻሻለ፣ ዕረፍት ላይ ሲሆኑም አተነፋፈሳቸው እንደረጋ አሳይቷል። ይህ የሚያስቸግራቸው 4 ሰከንድ መሳብ፣ 6 ሰከንድ ማስወጣት ይበቃቸዋል፤ በደቂቃ 6 ጊዜ ይሆናል። ካዞረዎት ያቁሙ፤ እያበዙት ነው።

ከልምምዱ ይልቅ የምወደው ግን ዕረፍቱን ነው። የሥራ ቦታን ለማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም፦ ላፕቶፑን መጻሕፍት ደርድረው ከፍ ያድርጉት፣ እግርዎ መሬት ይንካ፣ ስልኩን ወደ ዓይንዎ ያምጡት እንጂ ዓይንዎን ወደ ስልኩ አይውሰዱ። ማስታወሻ ደግሞ ከተማው ራሱ ይሰጥዎታል። አዛን ሲሰማ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል፣ ሻይ ሲመጣ፣ ባጃጅ ጥሩምባውን ሲነፋ ትከሻዎን ያውርዱ፣ አንዴ ያስወጡ፣ ይነሱ። መብራት ሲጠፋ ከመራገምዎ በፊት እስከ በሩ ይራመዱ። ለዓይን ደግሞ በየ20 ደቂቃው 20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ወደራቀ ነገር ማየት ይመከራል፤ ድሬ ላይ መስኮት ከፍተው ተራራ ማየት አያቅትም።

የማያስፈልጉ ማሳወቂያዎችን ይዝጉ። እና አንድ ችላ የተባለ ዘዴ አለ፦ ደውሉ። እየተናገሩ ትንፋሽ መያዝ አይቻልም፤ ድምፅ የሚወጣው በሚወጣ አየር ነውና። ሰባት መልእክት የሚፈጀውን ጉዳይ ቆመው እየተንጎራደዱ ቢነጋገሩበት አንገትዎም ሳንባዎም ያመሰግንዎታል።

ማታ አፍን በፕላስተር ለጥፎ መተኛት ይጠቅማል ሲሉ በቲክቶክ አየሁ።

ይተዉት። በአፍንጫ መተንፈስ ጥሩ ነው፤ አፍንጫው የተዘጋ ሰው አፉ ሲለጠፍበት ግን አየር ከየት ያገኛል? በተለይ የሚያንኮራፋ ሰውና ልጅ ላይ አደገኛ ነው።

አስም አለብኝ። ልምምዱ መድኃኒቱን ይተካል?

አይተካም። የሚሳበውን መድኃኒት ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ይቀጥሉ። ልምምዱ ከጎኑ ቢደረግ አይከፋም፤ አስሙ ሲነሳ ግን መጀመሪያ መድኃኒቱ ነው።

መቼ ወደ ጤና ተቋም ልሂድ?

ስልኩን አስቀምጠው፣ አርፈው፣ ከ10 ደቂቃ በኋላም ትንፋሽ ካጠረ ነገሩ የስክሪን አይደለም። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከተሠራጨ፣ ከንፈር ከጠቆረ፣ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ትንፋሽ ካነሰ በዚያው ሰዓት ይሂዱ፤ ድሬ ላይ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሌሊትም ክፍት ናቸው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋል። ደረጃ ሲወጡ የሚያልክልኩ፣ እግራቸው የሚያብጥ ሰዎች ልባቸውን፤ ፊታቸው የገረጣና ቶሎ የሚደክሙ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ የደም ማነስ እንዳለባቸው ይታዩ።

ሲሄዱ ትንፋሹ መቼ እንደሚያጥር፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚጀምር፣ ቤት ውስጥ ከሰል መኖሩን፣ ጫትና ሲጋራ መጠቀምዎን በወረቀት ጽፈው ይያዙ። ሐኪሙ ጊዜ ስለሌለው ሳይሆን፣ እርስዎ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ግማሹን ስለሚረሱት።